ከደሴ ኮምቦልቻ፦ ሰውን ከታክሲ የሚያስቀረው ብሩ ነው ወይስ ጥበቃው?

የሆጤው ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም የደሴ ልጆች። የኮምቦልቻም፣ የሐይቅም፣ የኩታበርም።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በቅርቡ አንድ የማይረባ የሚመስል ልማድ ያዝኩ። መናኸሪያ የደረስኩበትን ደቂቃና ሚኒባሱ የተንቀሳቀሰበትን ደቂቃ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን 4 ደቂቃ ሆነ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ 51 ደቂቃ። ከመንገዱ ጥበቃው በለጠ።

ያናደደኝ 51ዱ አይደለም። 4 ይሁን 51 አለማወቄ ነው። 51 መሆኑን ባውቅ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለተኛ ሻይ እጠጣ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ይህን ሳነሳ ሁሉም "ችግሩ ታሪፉ ነው" አሉኝ። ሰው በእግሩ የሚሄደው፣ ባጃጅ ኮንትራት የሚይዘው፣ ለሞተር መግዣ ዕቁብ የሚገባው በታሪፉ የተነሳ ነው አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ኮንትራት እኮ የታሪፉን ብዙ እጥፍ ነው። ታሪፍ የመረረው ሰው እንዴት ኮንትራት ይይዛል?

እስቲ ንገሩኝ። ሰው ታክሲ እንዲሳፈር ወይም እንዲተው የሚያደርገው ምንድን ነው? ፖለቲካውን ለሌላ ክር እንተወው፣ በአላህ።

ፒያሳ ጀበና (እሁድ፣ ማታ 2፡18)

መኪና መኖሩ። አለቀ። ክሩ ይዘጋ።

ፌርማታ (እሁድ፣ ማታ 2፡50)

አይዘጋም። የምማረው ይህንኑ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ።

ስለ ዋጋ አሜሪካኖች አንድ የቆየ የእጅ ስሌት አላቸው፤ የሲምፕሰንና የከርቲን ይሉታል። ታሪፍ 10 ከመቶ ሲጨምር ተሳፋሪ 3 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል ነው ነገሩ። ሰው ያጉረመርማል እንጂ አብዛኛው ይሳፈራል ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ ትልቅ ጥናት ግን "ቆይ" አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያ ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ የሚቀረው ሰው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ምክንያቱም ሰው ዛሬውኑ ከመኪናው አይወርድም። ቀስ ብሎ ሞተር ይገዛል፣ ቤቱን ወደ ሥራው ያስጠጋል፣ ልጁን ቅርብ ትምህርት ቤት ያስገባል።

ስለ ጥበቃ ደግሞ፣ ቆመው የጠበቁት ደቂቃ ተቀምጠው ከሄዱበት ደቂቃ ጋር እኩል አይቆጠርም። ባለሙያዎች ሲያሰሉ ብዙ ጊዜ በሁለት ያባዙታል። ስለዚህ 51 ደቂቃህ በሆድህ 102 ነው።

የሆጤው ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡53)

በሆዴስ 200 ነው።

የድሮ ረዳት (እሁድ፣ ማታ 3፡30)

እኔ ሰባት ዓመት በር ላይ ተንጠልጥያለሁ። አሁን ሱቅ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ማንንም ሳልፈራ ልናገር።

ሾፌሩ የማይነሳው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናው የሱ አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ ተቆርጦለታል፣ ሞላም ጎደለም ያንን ያስገባል። ነዳጁም ከሱ ነው። 12 ሰው ይዞ ቢወርድ የልጆቹን ዳቦ ይገዛል። 7 ይዞ ቢወርድ ለባለቤቱና ለማደያው ሠርቶ ገባ። በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ ሲመለስ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው የሚወጣው። ሐረጎ ነዳጅ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። አንድ ቢያጆ ከተበላሸ ቀኑ ተበላሸ።

ስለዚህ ይጠብቃል። በማን ጊዜ ይጠብቃል? በናንተ። የኔ ወንበር ባዶ ከሚሄድ ያንተ ሰዓት ባዶ ይሂድ ነው ሒሳቡ። ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው። እኔም ረዳት ሆኜ "አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው የሞላ!" እያልኩ ስጮኽ አራት ወንበር ባዶ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሌላው ነገር፣ ጠዋት ሰው ተሰልፎ መኪና ይጠብቃል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መኪና ተሰልፎ ሰው ይጠብቃል። የመኪናው ቁጥር ያው ነው። ሰዓቱ ነው የማይገጥመው።

ሰኞ ደግሞ ጭራሽ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ድረስ የሚከፍል ሰው ከነዕቃው ቆሞ እያለ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሠራተኛ ማን ይጭናል? የሆጤው፣ እስቲ ደብተርህን እየው። 51 ደቂቃህ ሰኞ ካልሆነ ምን አለ በለኝ።

የሆጤው ልጅ (እሁድ፣ ማታ 3፡41)

አየሁት። ሰኞ ነው። ወላሂ ስድስት ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩትም።

ፌርማታ (እሁድ፣ ማታ 4፡05)

የድሮ ረዳት፣ መምህሬ ሁለት ሳምንት የፈጀበትን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረስከው። ሒሳቡን ልጨምርበት።

በየ2 ደቂቃው አንድ ሰው ይመጣል እንበል። 12 ሰው የሚይዘው ሚኒባስ እስኪሞላ የመጀመሪያው ተሳፋሪ 22 ደቂቃ ይቀመጣል። የመጨረሻው ዘሎ ገብቶ ይሄዳል። ባጃጅ ግን 3 ሰው ነው የምትይዘው። በ4 ደቂቃ ሞላች፣ ሄደች። ባጃጅ በየከተማው ያሸነፈችው ስለምትፈጥን አይመስለኝም። ዳገት ላይማ እናውቃታለን። ቶሎ ስለምትሞላ ነው።

አሁን 60 ሰው የሚይዝ ትልቅ አውቶቡስ አምጥታችሁ "ሲሞላ ይነሳል" በሉት። ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆማል።

ሸገር ያለሁ (ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20)

እንዴ፣ ጉደኞች ናችሁ። እዚህ አውቶቡስ አለ፣ ባቡር አለ። ደሴም ትልቅ ከተማ ናት። ትልልቅ አውቶቡስ ይምጣና ባጃጁ ሁሉ ይነሳ። ሰው ርካሽ ካገኘ ይሳፈራል።

ፌርማታ (ሰኞ፣ ጠዋት 4፡10)

ስለ ባቡሩ ካነሳህ አይቀር። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከዚያ የረከሰ ነገር አልነበረም፣ ሰውም ወደደው። መለዋወጫ እየታጣ ባቡሮቹ መቆም ሲጀምሩ ግን በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጥበቃ ረዘመ። የቀሩትም እየታፈኑ መሄድ ያዙ። ርካሽነቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ጥበቃው ነው።

ኸርበርት ሞሪንግ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንን ነገር ጽፎታል። ተሳፋሪ ሲበዛ መኪና ይጨመራል። መኪና ሲጨመር ጥበቃ ያጥራል። ጥበቃ ሲያጥር ሌላ ተሳፋሪ ይመጣል። ገመዱን ወደ ኋላ ከጎተትከው ደግሞ ያው ነው፤ መኪና ይቀንሳል፣ ጥበቃ ይረዝማል፣ ሰው ይሸሻል፣ ሰው ስለሸሸ መኪና እንደገና ይቀንሳል።

ዳሬሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. ፈጣን አውቶቡስ ስትጀምር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ለአውቶቡሱ ብቻ የሚሆን መንገድ ሠርታ ነው። አውቶቡሱ ብቻውን ተአምር አልሠራም። ደሴ ላይ ያንን ያህል ስፋት ከየት ይመጣል? ዋናው መንገድ አንድ ነው። ከተማው በተራሮቹ መሃል እንደ መቀነት ተዘርግቷል። ግን እሱም ዕድል ነው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው በዚያው አንድ መስመር ስለሆነ አንድ መስመር በደንብ ቢሠራ ብዙ ሰው ይጠቀማል። የተበታተነ ከተማ ይህ የለውም።

የልጆች እናት (ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00)

ሁላችሁም የምታወሩት ከመነሻው ስለሚሳፈር ሰው ነው። የኔ ቤት ከመናኸሪያው አልፎ፣ ወደ ሐረጎ መውረጃው ሳይደረስ ነው። "ሞልቶ ይነሳል" ማለት ለኔ "ሞልቶ ያልፈኛል" ማለት ነው።

ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ? ወደ ኮምቦልቻ ለመሄድ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ እርቃለሁ። ወደ መናኸሪያው ተመልሼ እሳፈርና በቤቴ ደጃፍ በኩል አልፋለሁ። ልጄ አንድ ቀን "እማ፣ ለምን ቤት አጠገብ አልቆምሽም?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ማታ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ መብራት የለም። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የራሴን እጅ አላየውም። ያኔ የማስበው ታሪፉን አይደለም። ታክሲው የት ያወርደኛል፣ ከዚያ በኋላስ ማን አብሮኝ ይሄዳል ነው። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በኋላ ያለ ሥራ አልቀበልም። አንዴ የማታ ፈረቃ ከነጭማሪው ተሰጥቶኝ ተውኩት።

ተሳፋሪ ስንት ነው ሲባል የተሳፈረውን ትቆጥራላችሁ። ቆማ የተመለሰችውን ማን ቆጠራት?

የድሮ ረዳት (ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡25)

እታለም፣ ልክ ነሽ። እኛም እናይሽ ነበር። እጅሽን ስታነሺ ሾፌሩ እጁን ያወዛውዛል፤ "ሞልቷል" ማለቱ ነው። ከመስታወቱ ውስጥ ትንሽ እየሆንሽ ስትሄጂ አያለሁ። እንደ አንቺ ያሉ በየቀኑ እዚያው ነበሩ።

አያ ዳገት (ሰኞ፣ ማታ 1፡40)

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ቤቴ በጦሳ በኩል ሽቅብ ነው። ድሮ ማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው "ከአስፋልቱ 400 ሜትር ብቻ ነው፣ ቅርብ ነው" ብለው ጻፉልኝ። በወረቀት ቅርብ ነው። ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ስወጣ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ አርፋለሁ። ታክሲው ላይማ ስደርስ ጣጣው አልቋል። ከታክሲው በፊት ያለው ነው የሚገድለኝ። የቅጥቅጡ ደረጃም ከፍ ያለ ነው። ረዳቱ ብብቴን ይዞ ይሰቅለኛል፣ ይባረክ። የማይሰቅለኝም አለ።

ፌርማታ (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

አያ፣ የእርስዎ ጉልበት ልክ ነው፣ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። 400 ሜትር የሚባለው የሜዳ ከተማ ልክ ነው፤ 5 ደቂቃ የእግር መንገድ ተብሎ። ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ግን በ1892 እ.ኤ.አ. ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ሰዓት ጨምሩ ብሏል። ከአስፋልቱ እስከ ቤትዎ 60 ሜትር ከፍታ ካለ 6 ደቂቃ ተጨመረ። 5ቱ 11 ሆነ ማለት ነው። ያውም ለጤነኛ ጎልማሳ።

ደሴ ላይ ሚኒባሱ ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ባጃጅ ሽቅብ ቁልቁሉን ቢመግበው ነው የሚያዋጣው። አሁን ግን ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ተሻምተው አያ ዳገት ጋ የሚወጣ የለም።

የቦርከናዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00)

ኮምቦልቻ ሆኜ ሳነባችሁ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ሜዳ ነው። እግርም ያስኬዳል፣ ብስክሌትም። እኛ ጋ ሰውን ከታክሲ የወሰደው ሰርቪስ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ የሠራተኛ መኪና ለመደብን። ሰርቪስ ሰዓት አለው። 12፡30 ከተባለ 12፡30 ነው። ቆሜ ስልኬን አላይም፣ አልጨነቅም። ዕቃዬን አንጠልጥዬ ወጥቼ እቆማለሁ፣ ይመጣል።

ግን አንድ ቀን ሲያመልጠኝ አየሁት። ቋሚው ተሳፋሪ ሁሉ ሰርቪስ ላይ ስለሆነ ታክሲ ተራው ባዶ ነው። ባዶ ስለሆነ ደግሞ አይሞላም። አንድ ሰዓት ቆምኩ። ለካ እኛ ሰርቪስ የያዝነው የሌላውን ሰው ታክሲ ይዘን ሄደናል።

አርማታ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15)

ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ የምታወሩት ሁሉ ደሞዝ ስላለው ሰው ነው። "አለማወቄ አናደደኝ"፣ "ሁለተኛ ሻይ"... ዐብሽር ወንድሜ።

እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከገራዶ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ነው ደሴ የምቆመው። ለምን መሰላችሁ? ጠዋት ላይ ሥራ ማግኘቴን አላውቅም። ካላገኘሁ የከፈልኩት የታክሲ ብር ቀለጠ። ስለዚህ ጠዋት በእግር፣ ማታ ሥራ ከተገኘ በታክሲ። ማታ ስትቆጥሩኝ ተሳፋሪ ነኝ። ጠዋት የለሁም።

በ2014 ክረምት የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር ቤንዚን ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ታሪፉም ተከትሎ ወጣ። የኔ የቀን ሒሳብ ግን ገና ሐረጎ ላይ ነው፣ እየተነፈሰ። እና "ችግሩ ብር አይደለም" ሲባል ስሰማ ምን ልበል?

የሆጤው ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30)

አርማታ፣ ወንድምዓለም፣ ይቅርታ። ኮንትራት የሚይዘውን ብቻ አይቼ ነው የጻፍኩት። አጠገቡ በእግሩ የሚያልፈውን አላየሁትም። ለካ ሁለት ዓይነት ሸሺ አለ። ትንሽ ብር ያለው ጥበቃውን ሸሽቶ ኮንትራት ይይዛል። ብር የሌለው ታሪፉን ሸሽቶ ይራመዳል። ታክሲ ተራው ላይ የምንቀረው መሃል ላይ ያለነው ነን።

ፌርማታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ኢስቶኒያ የምትባል አገር ዋና ከተማዋ ታሊን ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዋሪዎቿ ትራንስፖርቱን ነጻ አደረገችው። ባለመኪናው መኪናውን ትቶ ይመጣል ተብሎ ነበር። ከመጣው ውስጥ ብዙው ግን ቀድሞ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሆነ። ባለሙያዎች ይህን እንደ ውድቀት ሲጽፉት አነብባለሁ፤ እኔም እንዲያ ብዬ ፈተና ላይ መልሻለሁ። ዛሬ የአርማታን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን እንጃ። በእግሩ ገራዶን የሚወጣ ሰው ታክሲ ውስጥ ቢቀመጥ ውድቀቱ ምኑ ላይ ነው?

ፒያሳ ጀበና (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02)

ጥሩ ነው። አሁን አንድ ሰው መላ ያምጣ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

የድሮ ረዳት (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

እኔ አለኝ። ትንሽ ናት።

የሆጤው፣ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ደሴ የሚያድር ስንት ሰው አለ? አሥር ይሆናል። አንድ ሾፌር ያዙና በሳምንት ሒሳብ ክፈሉት። ውሉ አንድ ብቻ ይሁን፦ ሞላም አልሞላም 12፡40 ይነሳል። የባዶውን ወንበር እናንተ ተካፈሉ። ሾፌሩ የሚፈራው ባዶ ወንበሩን ነው። ፍርሃቱን ከላዩ አንሱለት፣ ሰዓት ያከብራል። አንድ ነገር ግን፣ ተራ አስከባሪዎቹን ቀድማችሁ አናግሩ። ሳታናግሩ ብትወጡ ጎማችሁ ሥር ይተኛሉ።

የሆጤው ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ማታ 1፡30)

ክሩን ላነሳው ነው፣ ምክንያቱም ሞክረነዋል።

መጀመሪያ ቀን ሰባት ሆንን። የአምስት ወንበር ለሰባት ተካፈልን፣ አቃጠለን። ሁለት ሰዎች በሦስተኛው ቀን ወጡ። ተራ አስከባሪዎቹ እንደተባለው መጡ። "ሳትሰለፉ እንዴት?" አሉ፣ የተራ እየከፈልን ተስማማን። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ጉም ይዞን ሥራ ዘገየን፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን የማናውቃቸው ሰዎች 12፡35 ላይ መጥተው መቆም ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። "12፡40ው ይኼ ነው?" ይላሉ። ስሙ እንዲያው ሆኖ ቀረ፣ "12፡40ው"። ባዶ ወንበር ስላለን መሃል መንገድ ላይ የቆሙትንም አነሳን። አሁን ጭማሪው የሻይ ብር ያህል ነው። ደብተሬ ላይ ከፍተኛው ጥበቃ 9 ደቂቃ ነው፤ እሱም እኔ ቀድሜ ስለደረስኩ።

አርማታ፣ ላንተ ምንም አላገኘሁም። ሳምንታዊ ክፍያው ያው ቀድሞ መክፈል ነው። አንተ ደግሞ ቀድመህ መክፈል ነው ያቃተህ።

አርማታ (እሁድ፣ ማታ 1፡50)

ማንሳትህም ሸጋ ነው። ማታ ስትመለሱ ባዶ ወንበር ካለ ግን ሂሳቤን ይዤ እመጣለሁ።

የሆጤው ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡20)

አሁን ሾፌራችን ደወለ። "ነገ ሰኞ አይደል? ባቲ ነኝ" አለኝ። ውል አለን ስለው ሳቀብኝ።

የድሮ ረዳት (እሁድ፣ ማታ 2፡22)

ሰኞን ለባቲ ተዋት።

ፒያሳ ጀበና (እሁድ፣ ማታ 2፡23)

መጀመሪያ ምን አልኩ? መኪና መኖሩ።

የልጆች እናት (እሁድ፣ ማታ 2፡40)

ማክሰኞስ? ወደ ሐረጎ መውረጃው ሳይደረስ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?

የሆጤው ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡41)

12፡52።